እንደ ኮሶ አይጠጣም

ቶሮንቶ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፹፯ ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለእትዬ ተሻለች፣

ደብዳቤ «እኔ ደህና ነኝ» ተብሎ ነው የሚጀመረው። እኔም በዚያው ጀምሬ ወረቀቱን ቀደድኩት። ሌላ ጀመርኩ፣ እሱንም ቀደድኩት። ስለዚህ ያንቺን ላስቀድም፦ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ተሻለው? ወፍጮው ይፈጫል? ሻሸመኔ ዝናቡን ጨረሰ? የኔን ወደ ታች እንደርስበታለን።

«ፎቶግራፉ ላይ የለበስከው ኮት የማን ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። የራሴ ነው። ወደዚህ ስነሳ አንቺው ያሰፋሽልኝ ግራጫ ኮት ነው። ኮቱ አልሰፋም እትዬ፣ እኔ ነኝ ያነስኩት። አንጀቴ ላይ ካንሰር ወጥቶብኛል። ይኸው ተናገርኩት። አታልቅሺ አልልሽም፤ አልቅሺና ስትጨርሺ ወደ ደብዳቤው ተመለሺ፣ የምጠይቅሽ ነገር አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰኔ ሆዴን ሲያመኝ ሰሎሜ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ከምርመራው በኋላ ሐኪሙ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ ረጋ ብሎ፣ ካንሰር ነው፣ ወደ ጉበትም ተሻግሯል አለ። ሰሎሜ ጉሮሮዋን ጠረገችና «አባባ፣ የአንጀት ቁስል ነው አለ፤ በመድኃኒት ይድናል» ብላ ተረጎመችልኝ። ልጄ፣ አባቷ እንግሊዝኛ የማይሰማ መስሏታል። አይፈረድባትም። እዚህ የመጣሁ ሰሞን ሱቅ ገብቼ አንድ ሁለቴ ብናገር ገንዘብ ተቀባይዋ «ሶሪ? ሶሪ?» ብትለኝ ጊዜ አፌን ዘግቼ ቀረሁ። ያን ሁሉ ዘመን እንግሊዞቹን መሐንዲሶች በላንድሮቨር ይዤ ባሌና ኦጋዴን ስዞር፣ ከኋላ ተቀምጠው ሲያሙኝ እየሰማሁ እነዳ እንደነበር እሷ ከየት ታውቃለች?

እኔም ያላወቅሁ መሰልኩ። ለበሽተኛ ክፉ ነገር በፊቱ አይነገርም፤ ልጂቱ ወጋችንን ነው የጠበቀችው። ሕክምና የሚሰጠኝ ቤት በር ላይ ካንሰር የሚል በትልቁ ተጽፏል፣ እሷ ክንዴን ይዛ «የአንጀት ክፍል ነው» ትለኛለች። መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ ስታለቅስ ይሰማኛል። ስትወጣ «ጉንፋን ይዞኛል» ትላለች፣ እኔም «እግዜር ይማርሽ» እላታለሁ።

ዋናው ችግር ምግብ ነው። መድኃኒቱን በክንዴ ማስገባት ከጀመሩ ወዲህ እህል የሚባል ነገር ሆዴ አያድርም። ሽታው ራሱ ይጥለኛል። ባለፈው ሐኪሙ ሚዛን ላይ አወጣኝና «እንዲህ እየቀነሰ ከሄደ መድኃኒቱን እናቆማለን፤ ሰውነቱ አይችለውም» አለ። ሰሎሜ «ጠንክረው ይብሉ አለ» ብላ ተረጎመች። ካቆሙ ምን እንደሚመጣ አንቺም እኔም እናውቃለን።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ሆስፒታሉ ውስጥ የሻይ ጋሪ እየገፋች በሽተኛ የምታጫውት ሚስ አይቪ የምትባል የጃማይካ ሴት አለች። ባርኔጣ የማይለያት፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ ጨዋ ሴት ናት። ባሏን በዚሁ በሽታ ቀብራለች። ሰሎሜ ኖርዝ ዮርክ ቢሮዋ ስትሄድ ከሚስ አይቪ ጋር በእንግሊዝኛ እናወራለን፤ ምስጢሬንም ትጠብቅልኛለች። ከሻሸመኔ መምጣቴን ስነግራት፣ ያገሯ ሰዎች የሰፈሩባት ናትና፣ እጄን ይዛ አልለቅ አለች። እንዴት እንደማልበላ አየችና ኤግሊንተን ዌስት ያለው የልብስ ስፌት ሱቋ ና አለችኝ። ሰሎሜን ሳላስፈቅድ በባስ ሄድኩ።

ከጣት የማትበልጥ ጠርሙስ ሰጠችኝ። ውስጧ ጥቁር፣ ዝልግልግ ያለ፣ ሬንጅ የመሰለ ዘይት አለ። ከሐሺሹ ተክል ተነጥሮ የወጣ ነው እትዬ፣ ሐሽ ኦይል ይሉታል። ከባሏ የተረፈ ነው። «ምንም አልበላ ባለ ጊዜ በዚህ ነበር የሚበላው» አለችኝ። በሕግ የተከለከለ ነው፣ ቢያዝብኝ ጣጣ አለው። አወሳሰዱንም አስረዳችኝ፤ ግን ባሏን ስታነሳ እንባዋ መጣ፣ እሷን ሳጽናና ግማሹን ሳልሰማ ቀረሁ። እንደገና መጠየቅ ደግሞ ቁስሏን መንካት መሰለኝ።

አንቺ ዘንድ በቆሎ የሚያስፈጨውን ጃማይካዊ ሽማግሌ፣ ባባ ኖኤልን፣ ጠይቂልኝ። እንዴት ይወሰዳል? ምን ያህል? ያሳብዳል ወይ? ደግሞ ጾሙ ሊገባ ነው፤ ያስገድፋል አያስገድፍም? ይህን የመጨረሻውን ለቄሱ አድርጊው። ዘይት ነው በያቸው፣ የምኑ እንደሆነ አትዘርዝሪ።

ወንድምሽ ገብረ ክርስቶስ


ሻሸመኔ፣ ኅዳር ፮ ቀን ፲፱፻፹፯ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለገብሬ፣

አለቀስኩ። እንዳዘዝከኝም ስጨርስ ተመለስኩ። ያነበብኩት ወፍጮ ቤት ነው፣ ሴቶቹ «ምነው እትዬ?» ሲሉኝ ዱቄት ዓይኔ ገባ አልኳቸው። ስንት ዘመን ዱቄት ውስጥ ኖሬ ዛሬ ዓይኔ ገባ ስላቸው ማን እንደሚያምነኝ እንጃ።

ሐሺሽ! ሐሺሽ ገብሬ! ሲጋራ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው፣ በስተርጅና! አባታችን ቢሰማ ከመቃብሩ ተነስቶ በከዘራ ነበር የሚልህ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፣ የኛ ጉድ ኅዳር ድረስ ቆይቶ መጣ።

ይሁን እንጂ ወንድሜ ከሚራብ እኔ ልፈር ብዬ ባባ ኖኤልን ጠበቅኩት። ሴቶቹ እስኪሄዱ እህሉን እያዘገየሁ። ስሙን በምን እንደምጠራው ጠፍቶኝ «ያ... የናንተው ነገር» አልኩት። የሚስቅብኝ መስሎኝ ነበር። አልሳቀም፤ ጆንያው ላይ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ጠየቀኝ። «እማማ» አለኝ፣ «ቅጠሉ ሌላ፣ ዘይቱ ሌላ። ቅጠሉ ጠላ ነው፣ ዘይቱ አረቄ ነው። ጠላ የለመደ እንኳ አረቄን በዋንጫ አይጠጣም፤ ወንድምሽ ደግሞ ጠላውንም አያውቅም።»

ስማኝ እንግዲህ፣ እሱ ያለው ይህ ነው። ባዶ ሆድህን አትንካው፤ ሾርባም ቢሆን ትንሽ ቅመስ። ብቻህን አትሁን፤ የምታምነው ሰው አጠገብህ ይቀመጥ። የመርፌ ራስ የምታህል ብቻ ዳቦ ላይ ቀብተህ ብላና ጠብቅ። ምንም አልተሰማኝም ብለህ አትድገም፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው አለ። በአፍ የገባ ዘይት በእግሩ ነው የሚመጣው፣ በመኪና አይደለም። ከበዛብህና ከፈራህ ውሃ ጠጥተህ ጋደም በል፣ ያልፋል። ለሐኪምህም አትደብቀው አለ፤ ከሌላው መድኃኒት ጋር የማይስማማ እንደሆነ እሱ ነው የሚያውቀው።

ከራሴ ደግሞ የምጨምረው አለ። አውቅሃለሁ። እማማ ኮሶ ስታጠጣን እኔ አፍንጫዬን ተይዤ ስታገል፣ አንተ «ጎበዝ» ለመባል ዋንጫውን ነጥቀህ ጭልጥ ታደርግ ነበር። አደራህን ገብሬ፣ ይህ ኮሶ አይደለም።

ቄሱ ለታመመ ሰው ጾም የለበትም፣ ወተትም እንቁላልም ይውሰድ ብለዋል። ዘይቱን «የኑግ ነው?» አሉኝ። «የውጭ ነው» አልኳቸው፤ እሱንስ አልዋሸሁም።

ሰሎሜን ሳምልኝ። የምትስምልኝ ግን በየትኛው ፊትህ እንደሆነ አላውቅም፤ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም፣ እናንተ ቤት ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው የተሸሸገው።

እህትህ ተሻለች


ቶሮንቶ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን ፲፱፻፹፯ ዓ.ም.

እትዬ፣

መልስሽ ገና አልደረሰኝም። የሐኪሙ ቀጠሮ ሲቀርብ መጠበቅ አልቻልኩም። መድኃኒት እንዴት እንደሚጠጣ ደግሞ ማንም አያስተምረኝም ብዬ አሰብኩ። በማለዳ፣ በባዶ ሆድ፣ አንዴ፣ ሳያንገራግሩ! እማማ ያሳደገችን በዚያ አይደል?

ቅዳሜ ማለዳ ነው፣ ሰሎሜ ተኝታለች። ጠርሙሷን ሙቅ ውሃ ውስጥ አኑሬ አላላኋት፤ እስከ ወገቧ ማንኪያ ላይ ገለበጥኩና ማር ጨመርኩበት። ስመ ሥላሴ ጠርቼ ጭልጥ አደረግሁት። አመራረሩ! ኮሶን አመሰገንኩ። ከዚያ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ ከሕንፃችን ሥር ባለው የሸለቆ መንገድ መኪናው ሲርመሰመስ ማየት ያዝኩ። ምንም የለም፣ አገር ሰላም ነው። ሚስ አይቪን በልቤ መታዘብ ጀመርኩ፣ ጨዋ ሴት መስላኝ ሬንጅ አበላችኝ እያልኩ።

ቆየት ብሎ መጣ። መጀመሪያ እግሬ ሄደ። አለ፣ ግን የኔ አልነበረም። ሻይ ልጠጣ ማንቆርቆሪያ ጥጄ ነበር፤ አንድ ዘመን የጠበቅሁት ይመስለኛል፣ አይፈላም። አቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩ። የዕለት እንጀራችንን የሚለው ቦታ ስደርስ ይጠፋብኛል፣ እንደገና ከመጀመሪያው እነሳለሁ፣ እዚያው ቦታ ላይ ይጠፋብኛል። ልቤ እንደ ወፍጮሽ ሞተር ይመታል። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም እትዬ፣ ኦጋዴን ላይ ሽፍታ ሲያስቆመኝም እንዲህ አልፈራሁም። በቃ፣ ሞቻለሁ አልኩ።

ግን ሞቼም ራበኝ። ከክረምት ጀምሮ የጠፋው ረሃብ ተነስቶ መጣ! ማቀዝቀዣውን ከፍቼ የትናንቱን ምስር ወጥ ከነድስቱ አወጣሁና ወለል ላይ ተቀምጬ ቀዝቃዛውን በእጄ እበላ ጀመር። ሰሎሜ በፒጃማዋ መጥታ ቆማ አየችኝ።

«አባባ! ምን ሆኑ?»

«ሞቻለሁ ልጄ» አልኳት። «ምስሩ ግን ጥሩ ነው።»

ፊቴንም ዓይኔንም አየችና ጮኸች። ስልኩን አንስታ «አምቡላንስ ኮል ላደርግ ነው» ስትል እጇን ያዝኩና አንድ ነገር ተናገርኳት። በእንግሊዝኛ። ስልኩ ከእጇ ወደቀ።

ያልኳትን ዛሬ አልጽፈውም። እጄም ዝሏል፣ ራሴም ገና አልጠራልኝም። አሁን እግሬ ተመልሶልኛል፣ አታስቢ። ለባባ ኖኤል ግን እንዳትነግሪው።

ገብሬ


ሻሸመኔ፣ ታኅሣሥ ፳፩ ቀን ፲፱፻፹፯ ዓ.ም.

ለዚያ ለጅሉ ወንድሜ፣

ለባባ ኖኤል ነገርኩት። እንባው እስኪወርድ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ግማሽ ጠርሙስ? ወንድምሽ አንበሳ ነው ወይስ ሞኝ?» አለኝ። «ሁለቱንም» አልኩት። እኔ «ይህ ኮሶ አይደለም» ብዬ የጻፍኩት ወረቀት መንገድ ላይ ሆኖ አንተ ትጨልጣለህ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ደብዳቤህን ሳነብ ስቄ አልቅሼ፣ አልቅሼ ስቄ፣ የሰው እህል ሳሳርር ዋልኩ።

ቆይ ግን፣ ምን አልካት? ከዚያ ወዲህ የላክኸው ደብዳቤ ስለ በረዶና ስለ ሕንፃችሁ ሊፍት መበላሸት ነው። ስለ ሊፍት ማን ጠየቀህ? ገና እየመጣ እኔ እዚህ እህል አይወርድልኝ፣ አንተ የሊፍት ወሬ ትጽፍልኛለህ።

አንድ ነገር ልንገርህ። አባታችን የታመመ ጊዜ እማማ «ብርድ ነው» እያለች ስትደብቀው ታስታውሳለህ። አንተ ያኔ ከእንግሊዞችህ ጋር በረሃ ነበርክ፣ ትራሱን የማቀናለት እኔ ነበርኩ። አንድ ከሰዓት ጠራኝና «እናትሽ ደክማለች፤ የማውቅ እንዳይመስላት» አለኝ። ጎን ለጎን ተኝተው፣ ሁለቱም እያወቁ፣ አንዲት የልብ ቃል ሳይለዋወጡ ተለያዩ። እማማ እስክትሞት ድረስ «እንኳን አላወቀ» እያለች ትጽናና ነበር። እኔም ማጽናኛዋን አልነጠቅኋትም። ሁልጊዜ ግን ያሳዝነኛል ገብሬ፣ ሁለቱም ያሳዝኑኛል።

ስለዚህ ምን አልካት? ሐኪሙስ ምን አለ? ሊፍቱን ተወውና ንገረኝ።

ተሻለች


ቶሮንቶ፣ ጥር ፳፩ ቀን ፲፱፻፹፯ ዓ.ም.

ውድ እትዬ ተሻለች፣

ይቅር በዪኝ። ሊፍቱ ግን እውነትም ተበላሽቶ ነበር።

ያልኳት ይህ ነው። «ሰሎሜ፣ ካንሰር እንዳለብኝ ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ። ብቻሽን አትሸከሚው።» በእንግሊዝኛ የሆነው በአማርኛ አፌ እሺ ስለማይለኝ ነው። በአማርኛ ያን ቃል ለልጄ መናገር አልችልም ነበር። እሷ ደግሞ፣ ስጠይቃት ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ፣ በአማርኛ «ከመቼ ጀምሮ?» አለችኝ። «ሐኪሙ ሲነግረኝ ሰምቼዋለኋ» አልኳት።

ወለሉ ላይ አጠገቤ ዘጭ አለች። አለቀሰች፣ ከዚያ ተቆጣች። «እኔ እያንዳንዷን ቃል ሳወጣ ሳወርድ! ሌሊት ሳልተኛ የምለውን ሳጠና!» አለችኝ። እውነቷን ነው። እንዲህ እየተቆጣች እንኳ ድስቱን ከእጄ አልወሰደችም። የሚስ አይቪን ቁጥር ሰጠኋትና ደወለች። ሚስ አይቪ ውሃ ስጪው፣ አጠገቡ ሁኚ፣ ደረቱን ካመመው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን አምቡላንስ ጥሪ፣ ፖሊስ ብለሽ አትፍሪ አለቻት። ሰሎሜ ቀኑን ሙሉ እጄን ይዛ «ያልፋል አባባ፣ ያልፋል» ስትል ዋለች። አለፈም።

ሲነጋ ጠርሙሷን ወስዳ ኮሪደሩ ላይ ያለው የቆሻሻ መጣያ ውስጥ ልትጥላት ወጣች። ሄዳ ቆየች። ከነጠርሙሷ ተመለሰችና «ምስሩ ግን ሆድዎ አደረ» አለች።

በሳምንቱ እሑድ ሚስ አይቪ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ባርኔጣዋን እንደደፋች፣ በበረዶ በባስ ፍሌሚንግደን ቤታችን ድረስ መጣች። መጀመሪያ እኔን ቆጣች፣ ከዚያ እኔን ሳትጠይቅ ሰሎሜን አስተማረች። ልብስ ሰፊ ናት፣ መርፌ ከደረቷ አይጠፋም፤ የመርፌዋን ጫፍ ነክራ ዳቦው ላይ ጠረገችና «ይቺን ነው፣ ከዚህ አትለፊ» አለቻት። ያንቺ ደብዳቤ በማግስቱ ደረሰ። ሰሎሜ ፊደሉን እየቆጠረች ጮክ ብላ አነበበችልኝ። «ቅጠሉ ጠላ፣ ዘይቱ አረቄ» የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ሳቀች። ስንት ጊዜዋ ነው እትዬ፣ ሳቋን ረስቼው ነበር።

አሁን ከሥራ ስትመለስ ትንሽ ሾርባ ታቀምሰኛለች፣ ከዚያ መርፌዋን፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። አብራኝ ትጠብቃለች። ቴሌቪዥኑን ለምደን ነበር፣ አሁን አንከፍተውም። በዚያ ጥበቃ ውስጥ ስለ እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እናወራለን። ሰሎሜ ራሷ በሱዳን በኩል ከአገር ስትወጣ መንገድ ላይ ያየችውን፣ ሰው ሁሉ እየጠየቃት ለማንም ያልተናገረችውን፣ ነገረችኝ። እኔም የአባታችንንና የእማማን ነገር ነገርኳት። ሰማችኝና «እኛ ግን ተርፈናል» አለች። አንዳንድ ቀን ዘይቱም አይረዳኝም፣ የበላሁትን እመልሰዋለሁ። አንዳንድ ቀን ግን ሳህኑን እጠርጋለሁ።

ትናንት ቀጠሮዬ ነበር። ሚዛን ላይ ወጣሁ። ሐኪሙ አየ፣ መነጽሩን ጠርጎ እንደገና አየ። ጨምሬያለሁ። «ምን አድርገህ ነው?» አለ፣ እንደ ልማዱ ወደ ሰሎሜ እያየ። እኔው በእንግሊዝኛ መለስኩለት። መርፌውን፣ ዳቦውን፣ ኮሶውንም ሳይቀር ነገርኩት። «ሶሪ?» አላለኝም። ሁሉንም ሰማና ከሌሎች መድኃኒቶቼ ጋር አመሳከረ፤ «ብቻህን እንዳትወስደው፣ ከዚያች መርፌም እንዳታልፍ» ብሎ ሕክምናው ይቀጥላል አለ። ይቀጥላል እትዬ!

ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረገ። መድኃኒቱ ጊዜ ይሰጥሃል፣ በሽታውን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም አለ። ሁሉም ገባኝ። ቢሆንም ወደ ልጄ ዞሬ «ምን አለ?» አልኳት።

አየችኝ። መስማቴን ታውቃለች።

«አባባ፣ አይድንም አለ። ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ጊዜ ይሰጥዎታል አለ።» አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። ጉሮሮዋንም አልጠረገችም። ከሐኪሙ ስሰማው ከብዶኝ ነበር፤ ከእሷ አፍ፣ በቋንቋችን ስሰማው ቻልኩት።

ቤት ስንገባ ምስር ሠራች። መርፌዋን ነከረች፣ ተቀምጠን ጠበቅን፣ ከአንድ ሳህን ቀረብን። ጉርሻዬን እምቢ ሳትለኝ ተቀበለች።

ስለዚህ እትዬ፣ ይህንንም ደብዳቤ ደህና ነኝ ብዬ አልዘጋውም። በልቻለሁ። ሰሎሜም በልታለች።

ወንድምሽ ገብሬ